ቮልሴ ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ካርቡሬተሩን ልቀይር?

ሱሉልታ_ማዶ | ሐምሌ 5፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ ጸጥ ብዬ ሳነብ ነበር። አሁን ግን ቸገረኝ።

ቮልስ 1302 ኤስ አለችኝ፤ በፈረንጅ የ1972 ሞዴል። ሞተሯ 1600 ነው። ካርቡሬተሯ ሶሌክስ 34 ፒክት-3 ነው፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። ከአራት ወር በፊት ድሬዳዋ ገዝቼ በአይሱዙ አስጭኜ አመጣኋት። እዚያ ሳያት ሚኒሞዋ (እግር ከነዳጅ ሲነሳ የምትሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ትንሽ ያዝ ለቀቅ ያደርጋት ነበር እንጂ አትጠፋም ነበር። ሱሉልታ ከገባች ወዲህ ሌላ መኪና ሆናለች።

ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ቾኩ እስኪለቅ ድረስ ደህና ናት። ስትሞቅ መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው ሞተሩ እስክስታ ይወርዳል። ከእንጦጦ ቁልቁል ወርጄ አዲሱ ገበያ ስቆም እግሬን ከነዳጅ ላይ ካነሳሁ ድርግም ትላለች። አንድ እግር ለፍሬን፣ አንድ እግር ለፍሪሲዮን፤ ለነዳጁ ሦስተኛ እግር ከየት ላምጣ? በ60 ስነዳት ግን ምንም የላት።

እስካሁን የተሠራው ይሄ ነው። ካርቡሬተሩ ሁለቴ ተፈቶ ታጠበ። አራቱም ካንዴላ ተቀየረ። የቤንዚን ፊልትሮም ተቀየረ። ሁለት መካኒክ አይቷታል። ሁለቱም ካቻቢቴ ይዘው አንዱን ብሎን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አዙረው "በቃ ተስተካክላለች" አሉ። ቤት ሳልደርስ ተመለሰባት። የመጨረሻው "ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ መቀየር ነው" ብሎኛል። የጠራልኝን ዋጋ እዚህ ብጽፈው እናንተም ትንቀጠቀጣላችሁ።

ምን ትላላችሁ?

ገላን_ኮንዶ | ሐምሌ 5፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ፤ ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን እንደ ቆላ ይለካል። ስለዚህ ቤንዚን በዝቶባት ታፍናለች። ጂግለር (ቤንዚኑ የሚለካባትን ቀዳዳ) ቀንስ። ዋናው 127.5 ከሆነ 120 አካባቢ ፈልግ። ሶማሌ ተራ አታጣም።

የፒያሳ_ልጅ | ሐምሌ 5፣ ማታ 3:11

መልሱ ቪትዝ ነው።

ላዳ_በፍቅር | ሐምሌ 5፣ ማታ 3:30

ቤንዚኑን ከየት ነው የምትቀዳው? ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድ የሚሸጠውን ከሆነ ውሃም ናፍጣም ጠጥታ ሊሆን ይችላል። የኔን ላዳ አንዴ እንደዚያ አርጓት ነበር። ከካርቡሬተሩ ጓዳ በስፖንጅ ውሃ ጨምቄ አወጣሁ።

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 6፣ ጠዋት 12:50

ልጆች፣ መጀመሪያ ካቻቢቴውን አስቀምጡ።

ጋራዥ በነበርኩበት ዘመን "ካርቡሬተር ነው" ተብሎ ከሚመጣልኝ መኪና ብዙው ሕመሙ ሌላ ቦታ ነበር። ካርቡሬተር ለመታማት ይመቻል። ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የሚዞር ብሎንም አለው። ሰው የሚዞር ብሎን ካየ እጁ አያርፍም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የቫልቮላውን ክፍተት ለካ፤ ሁሉም 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን። የፑንቲናው (እሳት አካፋዩ ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው) ክፍተት 0.4 ነው። ይህ ሳይስተካከል ሚኒሞ ማስተካከል አሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት። ካርቡሬተሩ ጎን አንድ ሽቦ የተሰካበት ትንሽ ነገር አለ። ሽቦውን ነቅለህ መልሰህ አስነካው። "ጠቅ" ማለት አለበት። ጠቅ ካላለ የሚኒሞው ቤንዚን መንገድ አልተከፈተም ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እድሜህን ሙሉ ብሎን ብታዞር ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ሞተሩ ሞቆ እየተንቀጠቀጠ ሳለ የካንዴላ ገመዶቹን ከዲስትሪቢዩተሩ ራስ ላይ አንድ በአንድ ንቀል፤ ነቅለህ አይተህ መልስ። እጀታው ጎማ የሆነ ፒንሳ ያዝ፤ አለበለዚያ እስከ ትከሻህ ይነዝርሃል። የሚሠራ ሲሊንደር ስትነቅል ሞተሩ ይወርዳል። የማይሠራውን ስትነቅል ምንም አይለወጥም። ከኋላ ቆመህ ስታይ በቀኝህ 1 እና 2፣ በግራህ 3 እና 4 ናቸው። 1 እና 3 ወደ መኪናዋ አፍንጫ ያሉት ናቸው። በወረቀት ጽፈህ ና። ካንዴላዎቹንም ፈተህ ቀለማቸውን ንገረኝ።

ሱሉልታ_ማዶ | ሐምሌ 7፣ ማታ 1:20

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላርም። ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ። ካቻቢቴ ግን አለኝ።

ለፒያሳ ልጅ፤ ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። ቪትዝ ምን ታሪክ አለው?

ያገኘሁት ይሄ ነው።

ቫልቮላ፤ ሁለቱ ጠብበው ነበር፣ አስተካከልኩ። ፑንቲና ከ0.4 ትንሽ ሰፍቶ ነበር፣ እሱም ተስተካከለ። ጠቅታው አለ፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤንዚኑ ከማደያ ነው።

ገመድ ስነቅል፤ 1 ወረደች፣ ልትጠፋ ደረሰች። 2ም እንደዚያው። 3 ምንም። 4 ትንሽ ብቻ።

ካንዴላ፤ 1 እና 2 ጥቁር ጥላሸት። 3 እና 4 ነጭ፣ ደረቅ፣ ንጹሕ። እኔ ንጹሕ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ይበለኝ እንዴ?

ገላን_ኮንዶ | ሐምሌ 7፣ ማታ 1:45

እህቴ ይቅርታ። ጥቁሮቹ ግን ያልኩትን ነው የሚያሳዩት፤ ቤንዚን በዝቷል።

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 7፣ ማታ 2:15

ልጄ፣ ደስ አይበልሽ። ነጭ ማለት ቤንዚን ያነሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ 3 ቁጥር ድሮም የምትሞቅ ሲሊንደር ናት። ነጭ ሆና ብዙ ከቆየች ቫልቮላ ይቃጠላል። እስኪጠራ ድረስ ረጅም መንገድ አትሂጂባት።

ገላን፣ ስለ ከፍታው ያልከው እውነት ነው። ግን ከፍታ አያዳላም። ቢሆን ኖሮ አራቱም ይጠቁሩ ነበር። እዚህ ግን ሁለቱ ሰክረዋል፣ ሁለቱ ተጠምተዋል። አንድ ካርቡሬተር ነው የሚያጠጣቸው።

እንግዲህ ጥያቄው አንድ ነው። 3 እና 4 ለብቻቸው የሚጋሩት ምንድን ነው?

የእሳቱ ተራ 1-4-3-2 ነው። ስለዚህ 4 እና 3 ዲስትሪቢዩተሩ ራስ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። ራሱ ውስጥ በሁለቱ መሃል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ ይሾልካል። ፈተሽ አድርጊው። ግን እሳት ያጣ ካንዴላ በቤንዚን ይረጥባል፤ ያንቺ ደርቋል። ስለዚህ እኔ የምጠረጥረው ግራውን ማኒፎልድ፣ ከካርቡሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደውን ቧንቧ ነው። በአንቺ ሞተር ማኒፎልዱ ሦስት ቁራጭ ነው። የመሃሉና የጎኖቹ የሚገናኙት በጎማ ነው፤ ሁለት ጎማ፣ አራት ፋሼታ (ማሰሪያ)። ግራው ጎማ ከተሰነጠቀ በካርቡሬተሩ ያላለፈ አየር ይገባል፤ 3 እና 4 አየር ብቻ ይጠጣሉ። በፍጥነት ስትሄጂ የሚገባው አየር ብዙ ስለሆነ ያቺ ትንሽ ስንጥቅ አትታወቅም። በሚኒሞ ግን ጉዷ ይወጣል። "በ60 ምንም የላት" ያልሽው ለዚህ ነው።

1 እና 2 ለምን ጠቆሩ? ያ ካቻቢቴ ነው። ሁለቱ መካኒኮች ግራውን ለማጥገብ ቤንዚን ሲጨምሩ ቀኙን አሰከሩት።

ላዳ_በፍቅር | ሐምሌ 7፣ ማታ 2:30

ቀላል ነው። ሞተሩ እየሠራ በመርፌ ሲሪንጅ ቤንዚን ጎማው ላይ ጠብ ጠብ አድርጊ። ዙሩ ከጨመረ እዚያ ነው። እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 7፣ ማታ 2:34

አይደረግም! ከጎኑ ዲስትሪቢዩተር እሳት ይተፋል፤ ከታች ማርሚታው ግሏል። የቮልስ የሞተር አካል ደግሞ ማግኒዚየም ያለበት ነው። እሱ አንዴ ከተያያዘ ውሃ ስትደፊበት ይብስበታል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጎማው ብቻ ነው የተረፈው።

ውሃ ይበቃል። የልብስ ካውያ ጊዜ የሚረጩበት ጠርሙስ የለሽም? በእሱ ጎማዎቹን ብቻ በቀጭኑ እርጪ፤ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ አታድርሺ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ይደፍነዋል። ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል።

ላዳ_በፍቅር | ሐምሌ 7፣ ማታ 2:50

እሺ ጋሼ፣ ተቀብያለሁ። እኔም ትቻለሁ።

ሰበታ_404 | ሐምሌ 7፣ ማታ 3:10

ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የአየር መሳብ የሚለካውን) ብትጠቀም አይቀላትም? ግን እኔ አላመንኩትም። ፔጆ 404ዬን ለካሁ፤ ሚኒሞ ላይ 10 ኢንች አሳየኝ። ጌጁ ላይ አረንጓዴው የሚጀምረው ከ17 ነው። የፒስተን ፋሻ አልቋል ብዬ ሞተር ላስወርድ ነው።

ገላን_ኮንዶ | ሐምሌ 7፣ ማታ 3:25

ወንድሜ ሞተርህን ተው! አሁን የኔ ከፍታ ጠቀመ። በየ300 ሜትሩ ከጌጁ ንባብ ወደ አንድ ኢንች ገደማ ይቀነሳል። ሰበታ ላይ ሰባት ስምንት ኢንች ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ 18 የሚያሳይ ደህና ሞተር አንተ ጋ 10 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ያ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ለእኛ አገር አይደለም። መርፌው ከተረጋጋ ምንም አልሆነም። የሚያሳስበው ሲንቀጠቀጥ ነው።

ሰበታ_404 | ሐምሌ 7፣ ማታ 3:31

ተመስገን። የሞተር ማውረጃውን ቀብድ ነገ እጠይቃለሁ፣ ይመልስልኝ እንደሆነ።

ሱሉልታ_ማዶ | ሐምሌ 9፣ ከሰዓት 10:15

ጋሼ!!

ዲስትሪቢዩተሩ ራስ ንጹሕ ነው። ቀኙን ጎማ ረጨሁ፣ ምንም። ግራውን ረጨሁ፤ ሞተሩ "ሽርርር" ብሎ ውሃውን ሳበና ለሦስት አራት ሰከንድ ቀጥ አለ። ከገዛኋት ወዲህ እንደዚያ ስትሠራ ሰምቻት አላውቅም። ደግሜ ደግሜ ረጨሁ። ጎረቤቴ በአጥር "መኪናዋን እያጠጣሽ ነው?" አለችኝ።

ፈታሁት። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ከሥር፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ ግማሽ ዙሩን ተሰንጥቋል። የባሰው ደግሞ ስንጥቁ በብስክሌት ከመነዳሪ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። ከመነዳሪው ደርቆ እንደ ቋንጣ ሆኗል። ድሬዳዋ እያለች የተሠራ መሆን አለበት። ሁለት ጊዜ "ካርቡሬተር" ሲታጠብ ይህን ያየ ሰው የለም።

ሁለቱንም ጎማ ከነፋሼታው ገዛሁ። ከካርቡሬተሩ ዋጋ ጋር ሳወዳድረው ሳቄ መጣ። ገጠምኩ፣ አስነሳሁ። አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ፤ ሚኒሞዋ ጨመረ፤ ታፏጫለች። እግሬን ሳነሳም አትወርድም። ምን አበላሸሁ?

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 9፣ ማታ 1:00

ምንም አላበላሸሽም። በሽታው ሲወጣ መድኃኒቱ ቀረ። የቀድሞዎቹ ስንጥቁን በብሎን ሲያክሙ ነበር፤ አሁን ብሎኑን ወደ ቦታው መመለስ ነው።

በ34 ፒክት-3 ላይ ሦስት ብሎን አለ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በግራ ጎን ሁለት አሉ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ትልቁ የሚኒሞ ዙር ነው። ትንሹ የቤንዚኑ መጠን ነው። ሦስተኛው የነዳጁ ገመድ በሚስበው ክንድ ላይ ያለው ነው፤ ጫፉ የቾኩ ደረጃ ላይ ያርፋል። ይህ ሦስተኛው ሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም! በድሮዎቹ ካርቡሬተሮች ሚኒሞ በእሱ ስለነበር ሁሉም እጁ ወደ እሱ ይሄዳል። እሱን ስትጨምሪ በካርቡሬተሩ አንገት ያለችው ክዳን ያለ ቦታዋ ትከፈታለች። ያኔ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው የቫኪዩም ቀዳዳ ይገለጣል፤ እሳቱ በሚኒሞ ላይ ሳለ ይቀድማል። አንድ ብሎን አዙረሽ ሁለት ነገር አበላሸሽ።

ስለዚህ፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አጥፊው። ሦስተኛውን ብሎን ደረጃውን እስኪለቅ መልሺ። ከዚያ ልክ ሲነካ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሪና ተይው፣ እርሺው። ትንሹን ብሎን እስከ መጨረሻው በቀስታ አስገቢ፤ አታጥብቂ፣ ጫፉ ይጎዳል። ከዚያ ሁለት ዙር ተኩል አውጪ። አስነሺና በትልቁ ብሎን 850 ዙር በደቂቃ ላይ አምጫት። ከዚያ ትንሹን በጣም በቀስታ ወዲህ ወዲያ አድርገሽ ዙሩ ከፍ የሚልበትን ፈልጊ። እዚያ ስትደርሺ ዙሩ 20 ወይ 30 እስኪወርድ መልሰሽ አስገቢ። በመጨረሻ በትልቁ 850ን አስተካክዪ። ለሱሉልታ ትንሹ ብሎን ከሁለት ዙር ተኩል ያነሰ ቦታ ላይ ቢያርፍ አትደንግጪ። ገላን ያለው ከፍታ የሚስተካከለው እዚያ ነው።

ግን ከሁሉ በፊት ታይሚንግ፣ እሳቱ የሚመጣበት ሰዓት። ዲስትሪቢዩተርሽ አንድ የቫኪዩም ቱቦ ያለው ነው? ከሆነ ቱቦውን ነቅለሽ አፉን ድፈኚ፤ በታይሚንግ መብራት እያየሽ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 7.5 ዲግሪ በፊት አርጊው። ከዚያ መልሰሽ ሰኪው።

አንድ ነገር ደግሞ። ቤንዚን ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባባትን የነሐስ ቧንቧ በእጅሽ ነቅነቅ አርጊያት። ከተነቃነቀች አንድ ቀን መንገድ ላይ ትወልቃለች። ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በእሷ ነው። ክር የለበሰ አሮጌ የቤንዚን ጎማ ካለሽም ዛሬውኑ ቀይሪ።

ሱሉልታ_ማዶ | ሐምሌ 11፣ ማታ 2:05

አንድ ቱቦ ነው። ሁሉንም በተባለው ቅደም ተከተል አደረግሁ። ሦስተኛው ብሎን ከሦስት ዙር በላይ ገብቶ ነበር! ትንሹ ሁለት ዙር ላይ አረፈ። 850 ላይ ቁጭ አለች። አሁን ገመድ ስነቅል አራቱም እኩል ይወርዳሉ። የነሐሷ ቧንቧ አትነቃነቅም፤ የቤንዚኑን ጎማ ግን ቀየርኩ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ዛሬ ጠዋት ጭጋጉና ካፊያው ከባድ ነበር። ለአሥር ደቂቃ ነድቼ እንጦጦ ላይ ቆም ስል እንደገና ተንገዳገደች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው የማኒፎልድ ቧንቧ ነጭ ሆኗል። ዳሰስኩት፤ በረዶ! ሞተሩ ግሎ እያለ በረዶ። ተነፍሼበት ጠፋ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?

ገላን_ኮንዶ | ሐምሌ 11፣ ማታ 2:20

በረዶ? ይሄን ከፍታ ነው አልልም፣ ተምሬያለሁ።

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 11፣ ማታ 2:55

ይህ የክረምት በሽታ ነው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ይሰርቃል፤ እጅሽ ላይ ሲፈስ እንደሚቀዘቅዘው። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ሲሆን እርጥበቱ እዚያው ይረጋል። የሱሉልታ ሐምሌ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው። ድሬዳዋ ላይ መቶ ዓመት ብትኖሪ አታዪውም።

የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከማኒፎልዱ ጋር ተያይዛ የምትሄድ ቀጭን ቧንቧ አለች። ሁለቱ ጫፎቿ ከማርሚታው ጋር ይገናኛሉ። ትኩስ ጭስ በእሷ እያለፈ ካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ብረት ያሞቀዋል። ከዓመታት በኋላ ጥላሸት ይደፍናታል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ በጨርቅ ዳብሺ። ጫፏ ግሎ መሃሏ ከቀዘቀዘ ተደፍናለች። ማኒፎልዱን አውርዶ በብረት ገመድ መጥረግ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከአየር ፊልትሮው ወደ ታች የሚወርደው የሙቅ አየር ቱቦም በቦታው መኖሩን እዪ። ብዙ ሰው ሲወልቅ አይመልሰውም።

ፊልትሮሽ የዘይት ከሆነ ዘይቱንም ቀይሪ። በእናንተ ኮረኮንች ታችኛው ጭቃ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ሱሉልታ_ማዶ | ሐምሌ 17፣ ማታ 1:30

ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሊበላኝ ነበር፤ በአንዱ አለቀ። ቧንቧዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደፍና ነበር። አሮጌ የኪሎ ሜትር ገመድ ድሪል ላይ አሥሬ ከሁለቱም በኩል ገባሁ። የወጣው ጥላሸት የቡና ሲኒ ሞላ። ጓርኒሲዮኖቹን ቀየርኩ። የሙቅ አየር ቱቦው የለም ነበር፤ እሱንም አገኘሁ። ከፊልትሮው የወጣውን ነገር ዘይት ለማለት ይከብዳል።

ዛሬ በዝናብ አዲሱ ገበያ ድረስ ወርጄ ተመለስኩ። መብራት ላይ ሁለት እግር ብቻ ተጠቀምኩ።

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 17፣ ማታ 1:50

አሜን ልጄ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ካንዴላዎቹን ፈተሽ ቀለማቸውን ንገሪኝ። አራቱም ቡና ዓይነት መሆን አለባቸው። ያኔም አራቱም እኩል ከጠቆሩ፣ የገላንን ምክር የምትሰሚበት ጊዜ ያኔ ነው።

ገላን_ኮንዶ | ሐምሌ 17፣ ማታ 1:58

ይሄን በጽሑፍ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ሰበታ_404 | ሐምሌ 17፣ ማታ 2:15

ቀብዱን መለሰልኝ፣ ግማሹን። የኔ 404 ግን ዳገት ላይ "ክፍ ክፍ" ትላለች፤ ምን ይሆን?

ጋሽ_ካንዴላ | ሐምሌ 17፣ ማታ 2:18

ለብቻው ሌላ ርዕስ ክፈትለት። ካቻቢቴውንም አስቀምጥ።

ሱሉልታ_ማዶ | ሐምሌ 17፣ ማታ 2:25

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ። ለመጠባበቂያ አንድ 120 ጂግለር ልፈልግ ነው። ለማን ምን ላምጣ?

የፒያሳ_ልጅ | ሐምሌ 17፣ ማታ 2:31

ለቪትዝ የሚሆን ካርቡሬተር ካገኘሽ።